ሰባተኛው መስመር

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ስትገልጥ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። አንገቱ ላይ የተሰካው የራሷ መቀስ ነበር።

«መቀሱን በቀኝ እጇ ጨብጣ ስትወጋው በዓይኔ በብረቱ አየሁ» አለ የሐኪሙ ረዳት ለመርማሪው። «ሰመመን ውስጥ ስለነበረች አታስታውስም። ቶሎ የሚፈዝ ሰው አእምሮው ጤነኛ አይደለም፤ ጥናታችንም የሚለው ይህንኑ ነው። እሷ ደግሞ ባለፈው የመፍዘዝ ፈተና ከአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ነው ያገኘችው።»

«እኔን ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ስታፈዘኝ ኖራለች» አለ መርማሪው፤ «እስካሁን ሰው አልገደልኩም።»

ሰፊዋ አልሳቀችም። ሐኪሙ ሰውን በቃል ብቻ እያፈዘ ሲያጠና፣ ፈቅዳ የመጣችው ራሷ ናት። አሁን የገዛ እጇን ፈራችው። የአራት ዓመት ልጇ ኮሪደሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ሆና ትጠራታለች። ወጥታ ልታቅፋት አልደፈረችም። ሳላውቀው ከገደልኩ ነገስ ማንን እገድል ይሆን አለች በልቧ።

«ያዢ» ብሎ መርማሪው ድንገት ቁልፍ ወረወረላት። ቁልፉ ቀኝ መዳፏን መትቶ ወደቀ።

«ግራኝ ነሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም። ቀኜ በድንጋጤ ነው መሰል፣ ከነቃሁ ጀምሮ ደርቋል።»

መርማሪው ከሐኪሙ ጭን ላይ ወረቀት አነሳ። ከሰዓት በኋላ ሰፊዋን፣ ረዳቱንና የጥናቱን ሰነድ የምትይዘውን የሐኪሙን እህት ሰበሰበ።

«ሐኪሙ ሰፊዋን ሲያፈዝ ያነበበው ወረቀት ይህ ነው፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ ሲሰጥ ምልክት ያደርግበታል። ሰባተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ ‹የቀኝ ጣቶችሽ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ ነክቼ ተፈቱ እስክል አይታጠፉም።› ‹ደርቀዋል› ላይ ምልክት አለ። ‹ተፈቱ› ላይ ግን የለም፤ ከዚያ በፊት ተገድሏል።»

«ታስመስላለች» አለ ረዳቱ።

«ምን እንደታዘዘች እንኳ አታስታውስም። የማታውቀውን እንዴት ታስመስላለች? የማይታጠፍ ጣት ደግሞ መቀስ አይጨብጥም። በቀኝ እጇ አየሁ ያልከው አንተ ነህ።»

የሐኪሙ እህት ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ሰፊዋ በራሷ እጅ የሞላችው ነው፤ ‹እንቅልፌ ጥሩ ነው፣ ልቤም ሰላም ነው› ብላለች። አንተ ግን እዚህኛው ላይ ‹የታወከች› ብለህ ገለበጥከው። የአርባ ሰው መልስ እንዲሁ ለውጠሃል። ወንድሜ ትናንት ደረሰበት። ቶሎ መፍዘዝና የአእምሮ ጤና እንደማይገናኙ አይቶ ነበር። ዛሬ ሊያጋልጥህ ነበር።»

ረዳቱ በሩን አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

ሲወስዱት እህትየው የሰፊዋን እጅ ነካች። «ተፈቱ» አለች፤ ድምፅዋ የወንድሟን ይመስላል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ። ሰፊዋ ግን እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

ልጅቱ ሮጣ ገባችና ያንኑ እጅ ፈልጋ አንድ ጣት ያዘች። እናትየው እጇ ምን እንደሚያደርግ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቶቿን በትንሿ እጅ ላይ አጠፈች።