የቦንሳ ግድግዳ ወዴት ወደቀ

ቱሳ በገዛ ማሳው፣ በተገለበጠ ተጎታች ስር ሞቶ ተገኘ። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። አንዱ ጫማ የለውም።

ተጎታቹ ስንዴ እንደ ጫነ ነው የተገለበጠው። ያን የሚያክል ብረት በክንዱ የሚገለብጥ ሰው በአርሲ ምድር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱ ተሰጠ። ቦንሳ ነው አለ ሁሉም።

ይኸው ሕዝብ ነው እንግዲህ አምና ቦንሳን ትከሻው ላይ ሊሸከም የተጋፋው። ወደ ሮቤ የምትሄድ ሚኒባስ ገደል አፋፍ ላይ ስትንጠለጠል፣ ሰው ከነፍየሉ ወርዶ እስኪያልቅ በአንድ እጁ ይዟት የቆመ እሱ ነው። የኃይሉን ልክ ያየ የለም። እሱም አያውቀውም።

ግን ቦንሳ ውስጥ ሌላም አለ። ራሱ "ያኛው" ይለዋል። ያኛው ሲመጣ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ይነቅላል፤ ከነፋስ ጋር ይጣላል። አንዴ የገዛ በሬውን በጡጫ ገደለው። ልቡ ሲመለስለት የበሬውን አንገት አቅፎ ሲያለቅስ ሰነበተ። ሐኪም ክኒን አዘዘለት። ክኒኑን ከዋጠ መድፍ አይቀሰቅሰውም።

ሳጅን ፈይሩዛ ከአሰላ መጥታ ተጎታቹን እየዞረች ስታይ ስልኳ ጮኸ። ቦንሳ በእግሩ ጣቢያ ሄዶ፣ እስረኛ ክፍል ገብቶ፣ በሩን በራሱ ላይ ዘግቶ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ ሁሉ ወጥተው ደጅ ቆመዋል። ማን ማንን እንዳሰረ እንጃ።

በርራ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ቦንሳ ጉልበቱን አቅፎ ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር ከኮርኒሱ አቧራ ይረግፋል።

"ገደልኩት" አላት።

"ምን አድርጎህ?"

"ምንም። ክኒኔን የሚያመጣልኝ እሱ ነበር።"

"ታዲያ መግደልህን በምን አወቅህ?"

"እዬዬውን ሰምቼ ነቃሁ። ዞር ስል ግድግዳዬ ፈርሷል። እኔ ክኒኔን ውጬ ተኝቼ ነበር። ያኛው ግን ወጥቶ ነበር።"

ቀና ብሎ አያት። "አጣሪና ንገሪኝ። እኛ ከሆንን ጭላሎ ተራራ ላይ ይዤው እወጣለሁ። ሁለታችንም አንመለስም።"

እንደሚያደርገው ገባት። እሱን የሚያስቆም ሰንሰለት ገና አልተሠራም። እስክትመለስ እንዲጠብቃት ለመነችው፤ እሺ አለ። እግሩ ግን ወለሉን መደብደብ አላቆመም። ሲሚንቶው መሰንጠቅ ጀምሯል።

መንደር ስትደርስ አንድ ነገር ያንገበግባታል። ተጎታች በትራክተርና በሰንሰለትም ይገለበጣል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ግን ሰው ጀግና ካገኘ ማሰብ ይተዋል፤ በጎውንም ክፉውንም እሱ ላይ ይጭናል። የጎማ ዱካ እንዳትፈልግ፣ የአጨዳ ጊዜ ነው፤ ማሳው ሁሉ ዱካ ነው።

በመንደሩ ትራክተር የሚነዱት ሁለት ናቸው። አንዱ ገብረ መድህን ነው፤ ለአጨዳ የመጣ እንግዳ። ቱሳ ገበያ መሀል በጥፊ መትቶታል፣ አገር አይቷል። ሁለተኛው የሟቹ የአባት ልጅ፣ ከዲሮ።

ገብረ መድህን የት እንዳደረ ስትጠይቀው ትራክተሩ ላይ ብቻዬን ነው የተኛሁት አለ። ምስክር የለውም። ፊቱም ሰው አያባብልም።

"መትቶሃል አይደል?"

"መትቶኛል። ጥፊ የቀመሰ ሁሉ ቢገድል አሰላ ባዶዋን በቀረች።"

ካቴናውን ልታወጣ ምንም አልቀራት። ከዲሮ ግን ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። በእንባው መሀልም ለቦንሳ ይማልዳል። ልጁ በሽተኛ ነው፣ አትሰሩት፣ የወንድሜን ደም በጉማ እንጨርሰዋለን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ተከፍሎ ይታረቃል ይላል። ሰዉ ምን ዓይነት ልብ ነው ብሎ አደነቀው። ፈይሩዛ አላደነቀችም። የወንድም ሬሳ ሳይቀዘቅዝ እርቅ? ችኮላው ቆረቆራት።

ወደ ቦንሳ ቤት ሄደች። እናቱ ሀሊሜ ደጃፉ ላይ እንደ አራስ ነብር ተቀምጣለች። ከኋላዋ በሩ ላይ ሲንቄዋ ተጋድሟል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከገባች ጦር ይበተናል፤ በሲንቄ ላይ የሚራመድ ወንድ የለም። ቦንሳ ላይ ያኛው ሊመጣ ሲቁነጠነጥ ሀሊሜ በሩ ላይ ታጋድመዋለች። አይሻገረውም።

"አዴ ሀሊሜ፣ ሌሊት ሲንቄው ከቦታው ተነስቶ ነበር?"

"ማን ደፍሮ? ያኛው ያልነካውን ማን ይነካል? ጥያቄሽ እንደ ከተማ ሴት ሆነ፤ ያንቺን ሲንቄ እናትሽ ለጅብ ሰጠችው?"

ፈይሩዛ ስድቡን ዋጠችው። ሀሊሜ ሲንቄውን አንስታ አሳለፈቻትና መልሳ አጋደመችው።

የጀርባው ግድግዳ በሰው ቁመት ፈርሷል። ጭቃውና ጭዱ የቦንሳን ፍራሽ ሞልቶታል። ብርድ ልብሱ ተቀብሯል። በቀዳዳው አጮልቃ ውጭውን አየች፤ ሣሩ ላይ እፍኝ ጭቃ የለም።

ቦንሳ ገፍቶት ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ጎረቤት ማሳ ላይ በተገኘ ነበር። ይህን ያፈረሰው ውጭ የቆመ ሰው ነው። ቦንሳ ወጥቶ ነበር እንዲባል።

ግን ለምን ግድግዳ ለማፍረስ ለፋ? በሩ አለ። በትሯን ወርወር አድርጎ በሩን ገርበብ ቢያደርገው ያልቅ ነበር።

ቆም አለች። ከዚያ ሁለቱንም ትራክተር ነጂዎች አስጠራች። አገሩ ተከትሎ መጣ።

ገብረ መድህንን ብርድ ልብሱን አውጣልኝ አለችው። በትሯን በሁለት ጣቱ አነሳ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ገባ። ሰዉ በድንጋጤ አጉረመረመ። ሀሊሜ እጅህ ይሰበር ብላ ሲንቄዋን መለሰች። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

"አንተ ደግሞ ትራሱን" አለችው ከዲሮን።

ከዲሮ በሩ ላይ ደረሰ። እግሩ ተሰበሰበ። ቤቱን ዞሮ፣ በፈረሰው በኩል ገብቶ ትራሱን ይዞ ወጣ።

"ለምን በበሩ አልገባህም?"

"የሴት ሲንቄ ተጋድሞ?" አላት፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

"አዎ። ሌሊቱንም ይኸው ነው የቸገረህ።"

ሲንቄውን በጣቷ አሳየችው።

"እንግዳ ቢሆን በትር መስሎት ያነሳው ነበር። ያገሬው ልጅ ግን ሰው ገድሎም ሲንቄ አይነካም። ካገሬው ልጆች ደግሞ ትራክተር ያለህ አንተ ብቻ ነህ። ካልሆነ ሲንቄውን ያዝና ማልልኝ።"

ሀሊሜ በትሯን ዘረጋችለት። ከዲሮ እጁን አነሳ። እጁ ሲንቄው ጋ ሳይደርስ ወረደ። ከዚያ እሱም መሬት ላይ ወረደ።

ቱሳ የአባታቸውን ማሳ ወሰን ገፍቶ አርሶበታል። ሲጨቃጨቁ ከዲሮ በመፍቻ መታው። አንዴ ብቻ መታሁት አለ፣ አንዴ ትንሽ የሆነ ይመስል።

"ከዚያ ቦንሳ ትዝ አለኝ። ተጎታቹን በትራክተር ሬሳው ላይ ገለበጥኩ፣ ግድግዳውን ከውጭ ገፋሁ። ማንም አያስረው፣ በጉማ ያልቃል አልኩ። መኪና የያዘ ክንድ አንድ ሬሳ ምን ይከብደዋል ብዬ።"

ሀሊሜ ከፊቱ ቆመች። "አንተ የሞተ ሰው ነው የጫንክበት። ልጄ ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ የማይሞት ተሸክሟል። ውሰጅው፣ ሳልረግመው።"

ጣቢያ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ለቦንሳ ግን ደፍሮ የነገረው የለም። ከዲሮን በጓሮ አስገቡት። ቦንሳ ግን ጠረኑን የሰማ ይመስል ተነሳ። የመስኮቱ ብረት በእጁ ውስጥ እንደ ሰም ጎበጠ። ዓይኑ የሱ አልነበረም። ፖሊሶቹ ሸሹ። ፈይሩዛ ብቻ ቆመች።

"አልገደልክም" አለችው። "አልገደላችሁም።"

እጁ ቆመ። "ያኛውም?"

"ያኛውም። ተኝቶ ነበር። ጭቃው ላይህ ላይ ነው የወደቀው።"

ፊቱ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ተመለሰ። ሁሉም ኃጢአት ሲያስታቅፈው የኖረውን ያኛውን፣ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መጣለት። መሬት ተቀምጦ አለቀሰ።

"አንድ ቀን ግን ባደርገውስ?" አለ።

"ያን ቀን እይዝሃለሁ።"

"በምን?"

የጎበጠውን ብረት አየች። ልትዋሸው አሰበች፤ አልቻለችም።

"አላውቅም። ዛሬ ግን ወደ ቤትህ ሂድ።"

ቦንሳ ተነሳ። በሩን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሕፃን ከተኛበት ቤት እንደሚወጣ ሰው፣ ቀስ ብሎ ከፈተው። እሱ መንገዱን ተሻግሮ፣ ተከትላ መጥታ ማዶ የቆመችው እናቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ጣቢያው ውስጥ ትንፋሹን ያወጣ ሰው አልነበረም።