ከሰጠኝ ጣሪያ የወረደው ቆርቆሮ

ወለተሩፋኤል ከወፍጮ ቤት ተመልሳ የባሏን የአናጺነት ሥራ ቤት በር ስትገፋ፣ ሰጠኝን በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ከጭንቅላቱ ኋላ የፈሰሰው ደም ሰጋቱራውን አጥቁሮታል። በጀርባው ላይ ከጣሪያው የወረደ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተጋድሟል። አብሮት የሚሠራው የሻው አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«በረዶው ገደለው» አላት።

አራዳን ሲቀጠቅጥ የዋለው የግንቦት በረዶ ካቆመ ገና ብዙም አልቆየም።

ዘመኑ ደርግ ብሔራዊ ውትድርናን ያወጀበት ነበር፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ከፖሊስ በፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር ደረሰ። ሬሳውን ከበሩ ላይ ሆኖ አየና አደጋ ነው፣ ነገ ይቀበር ብሎ ወሰነ። ሊቀ መንበሩና የሻው አብረው የሚበሉ አብረው የሚጠጡ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወለተሩፋኤል አንገቷን ደፋች።

መቶ አለቃ ዓለምነው በእግሩ መጣ። ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ መርማሪ ነው። ሬሳው እንዳይነሳ አዘዘና መጀመሪያ የሻውን ጠየቀ። የሻው ሳይደናገር ተረከለት፦ ከጓዳ ሆኖ ጣውላ ሲመርጥ በረዶው መሃል ጣሪያው ሲገነጠል ሰማ፤ ሮጦ ሲገባ ቆርቆሮው አያ ሰጠኝን መትቶ ጥሎታል፤ በክፍቱ የሚወርደው በረዶ እሱንም ሟቹንም ሲደበድባቸው ነበር።

መቶ አለቃው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ስለ ጣሪያው ጠየቃት። እሷም ከፍርሃቷ የተነሳ ያልተጠየቀችውን ጨምራ ተናገረች። ሰጠኝ ቆርቆሮውን በጭነት መኪና ከአስመራ ነበር ያስመጣው። መብራት እየጠፋ፣ በብረት ቆርቆሮ ሥር ቤቱ እየጨለመ ሥራ ሲያስፈታው፣ ከላይ አራቱን አንስቶ ብርሃን በሚያሳልፈው ፕላስቲክ ተካቸው። ከዚያ ወዲህ ፋኖስ ሳይለኩስ እስኪመሽ ጣውላ ይልግ ነበር። ጎረቤቶች መጀመሪያ ስቀውበት ነበር፤ በረዶ እንደ መስታወት ያደቅቀዋል ብለው። ሁለት ክረምት አለፈ፣ አልተሰነጠቀም። ክብደትም የለውም።

«እንዴት አወቁ ክብደቱን?»

«ሲያለብስ ያቀበልኩት እኔ ነኝ ጌታዬ። በአንድ እጄ።»

ይህን ብላ የሻውን ቀና ብላ አየችው። እያያት ነበር።

ዓለምነው ቆርቆሮውን አንስቶ የሚስማሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረ ተመለከተ። መሰላል አቁሞ ወጣ፤ ክፍቱ ዳር ያለውን ማገር በጣቱ ዳሰሰ። ወርዶ ተንበረከከና ከሬሳው አጠገብ፣ ልክ ከክፍቱ ሥር፣ ሰጋቱራውን በእፍኙ ዘግኖ አሸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰጠኝ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ጠየቃት።

ታውቅ ነበር። ባለፈው እሑድ ከእስር የተፈታ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰጠኝን ወደ ጎን ወስዶት ነበር። በቀይ ሽብር ዓመት የሰጠኝን ታናሽ ወንድም ጠቁሞ ያስያዘው ማን እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰጠኝ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። እሷ ናት ተወው፣ ሁላችንንም ታስጨርሰናለህ ብላ የለመነችው።

«ከማንም» አለች።

መቶ አለቃው አልገፋትም። በበረዶው ጊዜ መንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ታዛ ሥር ተጠልሎ የነበረውን፣ ክንዱ የሚባለውን አብዮት ጥበቃ ጠርቶ አጥሩ ጥግ አነጋገረው። ወለተሩፋኤል በበሩ ታያቸዋለች። ክንዱ ጠመንጃውን ታቅፎ መሬት መሬት ያያል፤ ኬላውን ጥሎ ለመጠለል መምጣቱ እንዳይታወቅበት ፈርቷል። በመጨረሻ ግን ረጅም ነገር ተናገረ።

ከዚያ ዓለምነው ሊቀ መንበሩን፣ የሻውን፣ ክንዱንና እሷን ከጣሪያው ክፍት ሥር ሰበሰባቸው። ቆርቆሮውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘ።

«ይህ ቆርቆሮ ሰው አይገድልም። ቁስሉ ክብና ጠባብ ነው፤ አያ ሰጠኝን የመታው መዶሻ ነው። ነፋስ ገንጥሎት ቢሆን ቀዳዳዎቹ ይተረተሩ ነበር፤ ሚስማሮቹም ማገሩ ላይ ይቀሩ ነበር። ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው፣ ሚስማር ግን አንድም የለም። ሰው ነው ከውስጥ በመሰላል ወጥቶ፣ ቆርቆሮውን ከሥሩ እየገፋ የነቀላቸው።»

«ማን? መቼ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«በረዶው ካቆመ በኋላ። የሻው በክፍቱ በረዶ ሲወርድ አየሁ ብሎኛል። ሰጋቱራው ግን ደረቅ ነው። በረዶው ሲወርድ ጣሪያው ድፍን ነበር ማለት ነው። ክንዱም ካባራ በኋላ ጣሪያው ላይ ሚስማር ሲነቀል ሰምቷል። ከበረዶው መጀመሪያ እስከ ወይዘሮዋ መምጣት በዚህ በር የገባም የወጣም አላየም። ጓዳው ሌላ በር የለውም። ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። ኪስህን ገልብጥ፣ የሻው።»

የሻው ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ ፊቱን አዞረ። ኪሱን ሲገለብጥ ላስቲካቸው ያልወለቀ የጣሪያ ሚስማሮች መሬት ላይ ተንኮሻኮሹ።

«ለጥገና የያዝኳቸው ናቸው» አለ የሻው። «ምን በድሎኝ ነው የምገድለው?»

መቶ አለቃው ወደ ወለተሩፋኤል ዞሮ ቆመ። እሷ ግን የሻውን አየችው።

«ወንድሙን አንተ ነህ የጠቆምከው» አለች። «ሰጠኝ አውቆብህ ነበር። ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብሎኝ ነው ከቤት የወጣው።»

የሻው ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ሰጠኝ ጠይቆት እንደነበር፣ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ እንዳለው፣ መዶሻውን መቼ እንዳነሳ እንደማያውቅ እየተንተባተበ ተናገረ። ክንዱ የየሻውን እጅ የኋሊት አሰረ።

መቶ አለቃ ዓለምነው ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ወለተሩፋኤል በሯ በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች ከረመች። ፍርድ ቤት ስትጠራ ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። ዳኛው ድምፅሽ አይሰማም፣ ትፈሪያለሽ ወይ አሏት።

«እፈራለሁ፣ ጌታዬ» አለች፤ ከዚያም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች።