ሎሚ የጣለቻቸው እንቁላሎች

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! ይሄ ታሪክ ያሳዝናል። ኋላ «ማንም አልነገረንም» እንዳትሉ፤ ይኸው ነገርኳችሁ።

ውዳሴ የምትባል ልጅ ነበረች። ከእናቷና ከአባቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ትኖር ነበር።

ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አኳሪየም አለ። በመስታወት የተሠራ የውሃ ቤት ማለት ነው።

ዓሣ የጠበቃችሁ ተሸወዳችሁ! እዚያ የሚኖሩት ሁለት ቀንድ አውጣዎች ናቸው።

አንዷ ቢጫ ናት፤ ስሟ ሎሚ። አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ስሙ ሰማይ። ስም ያወጣችላቸው ውዳሴ ናት።

ሎሚ ቀስ... ቀስ... ቀስ... እያለች መስታወቱን ትወጣለች። ሰማይም ከኋላዋ ቀስ... ቀስ... ቀስ...

«ኧረ ፈጠን በሉ!» ትላቸዋለች ውዳሴ። ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን ጠዋት ውዳሴ ጮኸች። «አባዬ! አባዬ! ና እይ!»

ከውሃው በላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ አንድ ነገር ተለጥፏል። ሮዝ ነው። ትንሽዬ የወይን ዘለላ ይመስላል።

«እሰይ! እንቁላል ነው!» አለ አባቷ። «ሎሚ ናት የጣለችው። ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይፈለፈሉልናል።»

«ምን ዓይነት ይሆናሉ? ቢጫ? ሰማያዊ?»

«እንጃ! ሲወጡ እናያለን።»

የውዳሴ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያን ዕለት ወደ ጅማ መሄድ ነበረበት።

ቦርሳውን አነሳና «ውዳሴዬ፣ እንቁላሎቹን አደራ! እንዳትነኪያቸው» አላት።

«አልነካም!» አለች ውዳሴ። እጇን ኋላዋ ደበቀች።

አባቷ ሌላም ነገር ሊነግራት ይገባ ነበር። ግን ቸኮለ። ረሳው። አይ አባት!

ጠዋት ትነሳለች፤ ታያለች። አትነካም። ማታ ልትተኛ ስትል ታያለች። አትነካም።

«ቢጫ ናችሁ? ሰማያዊ ናችሁ?» ትላቸዋለች። እንቁላሎቹ ዝም።

ከዚያ አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ! ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ ናቸው። «ውሃ መጣ! ኧረ ውሃ መጣ!»

እነ ውዳሴ ሰፈር ውሃ ሁልጊዜ አይመጣም። ሲመጣ ቤቱ ቀውጢ ይሆናል።

«ቶሎ በይ!» አለች እናቷ። «የሚሞላ ነገር ሁሉ ይሞላ!»

ሿ! ባልዲው ሞላ። ሿ! ጀሪካኑ ሞላ። ሿ! ድስቱ ሳይቀር ሞላ።

«የሚሞላ ነገር ሁሉ ይሞላ!» እያለች ውዳሴም ትሯሯጣለች።

ከዚያ አኳሪየሙን አየችው። ውሃው ጎደል ብሏል። እንቁላሎቹ ከላይ፣ ደረቁ ላይ ናቸው። «ውይ የኔ ምስኪኖች! ጠምቷችኋል!»

ለቀንድ አውጣ ያደረ ውሃ እንጂ ከቧንቧ ወዲያው የተቀዳ አይጨመርም። አባቷ ይሄን አስተምሯታል፤ ውዳሴም አልረሳችም። ከበርሜሉ ያደረውን ውሃ በጆግ ቀዳች።

ወንበር ላይ ወጣች። ሿ! አንድ ጆግ። ሿ! ሌላ ጆግ። አኳሪየሙ እስከ አፉ ሞላ።

እንቁላሎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። በጣቷ ግን አልነካቻቸውም።

«ጠጡ እሺ? ጠጡና ቶሎ ውጡ» አለቻቸው። ክዳኑን ገጠመች። በጣም ደስ ብሏታል።

አንድ ቀን አለፈ። ሌላም ቀን አለፈ። ሮዙ ዘለላ ነጣ። ከዚያ መፈራረስ ጀመረ።

አባቷ ከጅማ መጣ። ውዳሴን ብድግ አድርጎ ሳማት። ከዚያ ወደ አኳሪየሙ ሄደና ክዳኑን ከፈተ።

«ውዳሴ፣ ውሃውን ማን ሞላው?»

«እኔ! ጠምቷቸው ነበር እኮ!»

አባቷ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። «የኔ እናት፣ ሎሚ ከውሃ በላይ የጣለቻቸው አየር እንዲያገኙ ነው። ውሃ ውስጥ ይታፈናሉ።»

«አሁን ብናወጣቸውስ?»

«አይሆንም።»

«ፀሐይ ላይ ብናሰጣቸውስ?»

«አይሆንም፣ የኔ እናት። ሞተዋል።»

ውዳሴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አልነካኋቸውም! አልነካኋቸውም እኮ!» እያለች አለቀሰች።

«አልነካሽም» አለ አባቷ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃ እንዳይደርስባቸው ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምን?» ጉልበቱን በቡጢ መታችው። «ለምን?»

«ይቅርታ» አላት። ከልቡ ነው ያላት። እንቁላሎቹ ግን በይቅርታ አይመለሱም።

ያን ቀን ውዳሴ እራት አልበላም አለች። እናቷ ብትለምናት፣ ብታባብላት፣ እምቢ! አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቷ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ቢጫ ነበሩ? ሰማያዊ ነበሩ?»

«አላውቅም።»

«መቼም አናውቅም?»

«መቼም አናውቅም።»

ውዳሴ አፍንጫዋን ሳበች። «ሎሚ ሌላ ትጥላለች?»

«ትጥል ይሆናል። ላትጥልም ትችላለች።»

«ካልጣለችስ?»

«ያኔ እናዝናለን።»

«አንተም?»

«እኔም። አሁንም አዝኛለሁ።»

ውዳሴ ዞር ብላ አየችው። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

አሁንም ተናዳበታለች። በጣም ተናዳበታለች። ቢሆንም ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።