ያልተመለሰው ሰማያዊ

«ጠቆረ!» አለች ሃዊ። «መቲ፣ ከእሳቱ አውጪው፤ ጠቆረ!»

መቲ የስፖርት መምህሩን አረማመድ እያስመሰለች ስትስቅ ቱቦውን ረስታዋለች። በስፒሪት ኩራዙ ላይ በያዘችው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሰማያዊው ጨው መጀመሪያ ነጣ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም። አሁን የከሰል ትቢያ መስሏል።

የዕለቱ ሥራ ቀላል ነበር። ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ ጨው አሙቆ ማንጣት፣ ሲበርድ ነጩ ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ ሰማያዊውን መመለስ። ሄዶ የሚመለስ ለውጥ ማለት ይኸው ነው። ሃዊ እስኪበርድ ጠብቃ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

መምህር ደግፌ ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ጨው የሚባለው ከጠርሙሱ ተራግፎ አልቋል። ለየቡድኑ በወረቀት ጠቅልለው አድለዋል፤ ለከሰዓቱ ክፍል የሚሆነው መስኮቱ ሥር ትሪ ላይ ተቀምጧል። መቲ ግራ ቀኝ አየች። እጇ ወደ ትሪው ሄዶ አንድ ጥቅል ይዞ ተመለሰ። ከአዲሱ ጥቅል ያልሞቀውን ሰማያዊ ወደ ሌላ ቱቦ ገለበጠች፣ ውሃ ነካ አደረገችው፣ ጥቁሩን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው።

«ቲቸር፣ የኛ ተመለሰ!»

መምህሩ ቱቦውን ወደ ብርሃኑ አነሱት። «ጎሽ! እዩ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ሃዊም አጨበጨበች።

ከሰዓት አንድ ቡድን ጨው አጣ።

የላቦራቶሪውን ቁልፍ የሚይዘውም፣ ጥቅሎቹን ትሪው ላይ ያሰለፈውም የእነሃዊ ክፍል ልጅ ቶኩማ ነው። ቤታቸው ከጉደር ወንዝ ማዶ ነው፤ መብራት አልገባበትም። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጦ ያጠናል። አባቱ ኦቦ ነጋሳ በመስኖ ቲማቲም ያለማሉ። ያ ሰማያዊ ጨው ደግሞ ለቲማቲም በሽታ እንደሚረጭ የወንዝ ዳር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም። መምህር ደግፌ አልጮኹም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቶኩማ ቁልፉን አስቀመጠበት።

በማግስቱ ስሙ «ቲማቲም» ሆነ።

«ቲማቲም፣ ዛሬ ኪሎው እንዴት ዋለ?»

ቶኩማ «አልወሰድኩም» ያለው አንዴ ብቻ ነው። የሰማው አልነበረም፤ አልደገመውም።

የሃዊ ወላጆች ከጌዶ ወዲያ ገጠር ናቸው። ጉደር ላይ ዘመድ የላትም። መቲ ነች አክስቷን አዴ ወርቂቱን ለምና «አብራኝ ትማር» ብላ ቤታቸው ያስገባቻት። ሁለቱ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፣ በአንድ አልጋ ይተኛሉ። አመሻሹ ላይ ሃዊ ሽሮ እያማሰለች ተናገረች።

«ቁልፉን ቀሙት እኮ።»

«ሰማሁ።»

«ፈተና ደርሷል። የት ሊያጠና ነው?»

«አቦ አታካብጂ! በአንዲት ጥቅል ጨው የስንት ሄክታር ቲማቲም ሊረጭ ነው? ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ይስቁበታል።»

«አሁንም እየሳቁ ነው። በሱ።»

መቲ ማማሰያውን ከእጇ ወሰደች። «ስሚኝ። ብትናገሪ ሁለታችንም ዜሮ ነን። አዴ ሌባ ቤቷ አታሳድርም። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፣ ጮኻ ጮኻ ትተወኛለች።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንቺስ የት ትሄጃለሽ?»

ክፋት አልነበረበትም። እውነት ነበር፤ የከበደውም ለዚያ ነው። ከአንድ ሳህን በሉ። አልተያዩም።

በቀጣዩ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ መምህር ደግፌ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ሣሉ፤ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ።

«ኢኩሊብረም፣ ሚዛን ማለት ነው። ይኼ ነገር ቆሟል ወይስ አልቆመም?»

«ቲማቲምን ይጠይቁት፣ ቲቸር!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

«ዝም በል!» አሉ መምህሩ። እሳቸውም ግን ወደ ቶኩማ አልተመለከቱም። «አልቆመም። ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አስቡ። ስታዩት ጸጥ ብሏል። ውስጡ ግን ጋዙ ከውሃው ይወጣል፣ ወደ ውሃውም ይመለሳል፤ እኩል ለእኩል ስለሆነ ነው የማይታያችሁ። ያረፈ እንዳይመስላችሁ።»

ሃዊ ጻፈች። መቲም ጎኗ ሆና ጻፈች። ቶኩማ አልጻፈም። ሲደወል፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደማይመጣ፣ ባኮ አጎቱ ዘንድ በቆሎ ሊጭን እንደሆነ ተወራ።

«ለበጎ ይሆናል፤ ሥራ ነው» አለች መቲ።

ዓርብ ጠዋት ሃዊ ቀድማ ተነሳች። ልብሶቿን ማዳበሪያ ውስጥ ከተተች፣ አፉን አሰረች፣ በሩ አጠገብ አቆመችው። የምታጣውን አስቀድማ ካጣችው ምላሷን የሚይዘው አይኖርም ብላ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች መቲ ከአልጋው።

«ልናገር ነው።»

«የኔንም ስም?»

ሃዊ ሌሊቱን ያሰበችው ይህንኑ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ብትል ቶኩማ ይድናል፤ ቤቱም ምናልባት ይተርፋል። ግን እሱም ያው ሌላ ውሸት ነው።

«አንቺ ወሰድሽ። እኔ እያየሁ አጨበጨብኩ። እንደሆነው እናገራለሁ።»

መቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው አንሆንም፣ ሃዊ።»

«አውቃለሁ።»

ትምህርት ቤት፣ ከደወሉ በፊት፣ መምህር ደግፌ ቆመው ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁልፉን ዛሬውኑ እመልስለታለሁ» አሉ። «እኔም ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩበት። ስሙንስ ማን ይመልስለታል?»

ሃዊ ይህን አላሰበችም። ለእሳቸው ከነገረች የሚያበቃ መስሏት ነበር።

«እኔ አላዝሽም» አሉ።

ደወሉ ተደወለ። ክፍሉ ይንጫጫል። መቲ ቀድማት ገብታ መስኮት መስኮቱን ታያለች፤ አጠገቧ ያለው የሃዊ ቦታ ክፍት ነው። ቶኩማ ከጥጉ ቀና አላለም።

ሃዊ ወደ ቦታዋ አልሄደችም። ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«አዲሷ ቲቸር መጣች!» አለ አንዱ።

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀች።