የአረቄ አውጪዋ ቀለበት

እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ከኋላዬ ሆኖ እንዳይናገርብኝ ነው።

ደብረ ብርሃን ከገበያው በታች በነበረችው ጭቃ ቤታችን የገብስ ድፍድፏን ማሰሮ ውስጥ ከታ፣ ከሥሩ ኩበት አንድዳ፣ በመቃ ጠብ ጠብ እያደረገች አውጥታ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ያወጣችውን መልሳ ታወጣዋለች፤ ዳግም የሚባለው እሱ ነው። ከዳግሙም መጀመሪያ የሚመጣውን ስኒ ትደፋዋለች። ጎረቤቶቿ አይደፉም ነበር። «መጀመሪያ የሚወጣው ዓይን ያጠፋል» ትላቸዋለች። ብክነት ነው ይሏታል፣ ትደፋዋለች።

ትምህርት ቤት ስገባ ልብሴ ኩበት ኩበት ይሸታል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንዳንዱማ እናቴን ያስመስል ነበር። እሷ አረቄዋን ስትቀምስ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትልሰው። እነሱም ዓይናቸውን ይጨፍኑና እጃቸውን ይልሳሉ፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል የተውኩት ከብዶኝ አይደለም። ሳቁ ነው የከበደኝ።

የማትስቀው ተናኜ ብቻ ነበረች። የርእሰ መምህሩ የአቶ ሲራክ ልጅ ናት። አድገንም በጓሮ በኩል እየመጣች ከእናቴ ጋር እሳቱ ዳር ትቀመጥ ነበር። እኔን ልታይ ነው የምትመጣው፣ የምታወራው ግን ከእናቴ ጋር ነው። አልፎ አልፎ ቀና ትልና ታየኛለች። ያ አልፎ አልፎ ለሳምንት ይበቃኝ ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ሽማግሌ ላክሁ። አቶ ሲራክ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም።

«የአረቄ አተላ በደጄ አይፈስም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉን እንዳለ አምጥተው እናቴ ፊት አስቀመጡት። እናቴ መቃዋን አንስታ በጨርቅ ጠረገች፣ ደጋግማ ጠረገች። በዚያው ዓመት ተናኜ አክስቷ ጋ ስዊድን ሄደች። ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው። እሷ አስቸኩለው ወሰዱኝ ትላለች። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቷ ያሉትን አምና ነው እያልኩ ኖርኩ።

እናቴ አምና አረፈች። ከማረፏ በፊት የብር ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ለተናኜ» አለች።

«እማዬ፣ ተናኜ የት አለችና?»

«እሸቱ አገር ናት። ወንድምህ ጋ ሂድ።»

ዘንድሮ በጥቅምት አይሱዙዬን ለሰው አደራ ሰጥቼ፣ ወንድሜ እሸቱ በላከልኝ የአንድ ወር ጥሪ ስቶክሆልም ገባሁ። እሸቱ ዩልስታ፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት አጠገብ፣ ከሚስቱ ከአዜብና ከልጁ ከሔዋን ጋር ይኖራል። አዜብና ተናኜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ተናኜ ለምሳ ተጠርታ መጣች።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አየችኝ።

«አርጅተሃል» አለች።

«አንቺስ ቀርቶልሻል?»

«እኔ አላረጀሁም። ብርዱ ነው ያደረቀኝ።»

አዜብ ከማድ ቤት ሆና፣ «በሩን ዝጉትና ተፋቀሩ፤ ማሞቂያው ለዩልስታ በሙሉ አይደለም» አለችን።

ተናኜ ሶልና በሚባል ሰፈር አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። ሥራ ስትወጣ እጠብቃታለሁ፣ ሐይቅ ዳር እንሄዳለን። ብዙ አናወራም። አንድ ቀን ከሦስት ዓመት በፊት የሞቱትን የአባቷን ነገር አነሣች።

«ለቀብሩም አልሄድኩም» አለች።

«ፈቃድ ከለከሉሽ?»

ዝም ብላ ውሃውን አየች። ዝምታዋን አዎ ብዬ ወሰድኩት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ አቶ ሲራክ ቀብር ብዙ ልጠይቅ አልፈለግሁም።

ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ «ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቦታ እወስድሃለሁ» አለችኝ። «የምትናገረው ነገር ካለህ ከዚያ በኋላ ትናገራለህ።»

«የምናገረው እንዳለ በምን አወቅሽ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪስህን ስትነካካ አይቼህ።»

የወሰደችኝ ጋምላ ስታን ነው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ያለበት የድሮው ከተማ። ደረጃ ወርደን ምድር ቤት ገባን። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት መንገደኞች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ጀርመኖች፣ ጃፓናዊት ሴትዮ፣ ሌሎችም። በያንዳንዳችን ፊት ክብ ክብ የተሣለበት ወረቀት ተነጥፏል፣ ክቦቹ ላይ አንገታቸው የጠበበ አምስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ አፋቸው በመስታወት ተከድኗል።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የስኮትላንድ ውስኪ ነው። እያስረዱ ያስቀምሱናል።»

«አረቄ ልታጠጪኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ?»

«ቆይ፣ ታያለህ» አለች። ፊቷ ላይ ስጦታ የደበቀ ሰው ፈገግታ ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈገግታ ብቻ ነው ያየሁት።

አስቀማሹ ነጭ ጢም ያለው ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ነው። በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሷ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። መጀመሪያ አይጠጣም ይላል። ክዳኑን አንሡ፣ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱ። ከዚያ አንዲት ጠብታ ውሃ፤ ውሃው የተኛውን ሽታ ይቀሰቅሰዋል። ገብሱ እንዴት እንደሚበቅል ነገረን። ሁለት ጊዜ እንደሚወጣ ነገረን። በሁለተኛው ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ይለያል፣ መጨረሻ የሚመጣው ጭራም ይቆረጣል፣ የሚጠጣው መካከሉ ነው አለ።

እኔ እናቴን እያሰብኩ ነበር። ይህ ሽማግሌ የሚናገረውን ሁሉ እሷ ያለ መጽሐፍ ታውቀው ነበር። እሱን ሰው ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ ያዳምጠዋል። እሷን አተላ አሏት። 

አራተኛውን ብርጭቆ ስከፍት ጭስ መታኝ። ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ አፈር አንድደው ነው ብቅሉን የሚያደርቁት ብላ ተረጎመችልኝ። ለእኔ ግን ኩበት ነው፤ የእናቴ ነጠላ ነው። ብርጭቆውን መልሼ ከደንኩት። ተናኜ አየችኝ። እጇን እጄ ላይ አደረገች። ከመጣሁ ጀምሮ እጄን ስትይዘኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። በሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቀለበት ያዝኩ። በቃ፣ ከዚህ እንደወጣን እነግራታለሁ አልኩ።

አምስተኛው ብርጭቆ ስም አልተጻፈበትም። ሽማግሌው ያገኛችሁትን ሽታ ንገሩኝ አለ። አንዱ ማር፣ አንዱ ፖም አለ። እኔ ወደ ተናኜ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣

«ጥሩ ዳግም ነው። ግን ጭራውን ዘግይተው ነው የቆረጡት። ከኋላ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል» አልኳት።

ተረጎመችው። ሽማግሌው ንግግሩን አቋረጠ። ዞሮ አጠገባችን መጣና አንድ ነገር ጠየቃት።

ተናኜ መናገር ጀመረች። አልተረጎመችልኝም። ፊቷ በርቶ፣ በፍጥነት ትናገራለች። በእጇ ማሰሮውን ሠራች፣ መቃውን ሠራች። «አፀደ» ስትል ሰማሁ። የእናቴ ስም ነው። ሽማግሌው «አፀደ» ብሎ ደገመው። ከዚያ ተናኜ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ላሰችው።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ጀርመኑ ጠረጴዛውን መታ። ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ሳቀና ብርጭቆውን አነሣ፣ ሁሉም አነሡ፣ ሁሉም እኔን ያያሉ።

እኔ እንደገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።

ተነሣሁ። ወንበሩ ወደቀ። ሳቁ ቆመ።

«የአባትሽ ልጅ ነሽ» አልኳት።

እጇ አፏ አጠገብ እንዳለ ቀረ። በስድብ የሚቆጣ ሰው አውቃለሁ፣ የሚያለቅስም አውቃለሁ። እሷ ሁለቱንም አልሆነችም። ቤቱ ሲቃጠል ከሩቅ እንደሚያይ ሰው አየችኝ።

ያለ ኮት ወጣሁ። ውጭው በረዶ ለመጣል የሚያንገራግር ግራጫ ቀን ነው። ጥቂት ቆይታ ኮቴን ይዛ መጣች። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ፣ አንገትጌውን አስተካከለችው፣ ተመልሳ ወረደች። ሰው የተናደደበትን ሰው አንገትጌ አያስተካክልም። ይህን እንኳ አላሰብኩም።

ሦስት ቀን እቤት ተቀመጥኩ። እሸቱ ምን ሆንክ ቢለኝ ብርዱ ነው እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን፣ ልሄድ ስዘጋጅ፣ ከኮቴ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ክቦቹ ያሉበት የጠረጴዛው ወረቀት ነው። ዙሪያውን በተለያየ እጅ ተጽፎበታል። የፈረንጅ የእጅ ጽሑፍ አላነብም። ለሔዋን ሰጠኋት። ሔዋን አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። አንብባ ለአባቷ ነገረችው።

እሸቱ ወረቀቱን ይዞ ቁጭ አለ።

«ምን ይላል?»

«‹ለአፀደ፣ ለባለሙያዋ› ይላል። ሽማግሌው ነው የጻፈው። ‹አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር በእጅ ጀርባ የሚቀምስ ሰው ያየሁት አያቴን ብቻ ነው፤ አንዲት ሌላ መኖሯን ዛሬ ሰማሁ። ለእርሷ ቆመን ጠጣን።› ሌሎቹም ፈርመውበታል።» ድምፁ ተሰበረ። እናቱም ናትና። «አዲሱ፣ ምን አደረግህ?»

ያልኳትን ነገርኳቸው። አዜብ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«አንተ ደንቆሮ» አለች ቀስ ብላ። «ለአባቷ ቀብር ያልሄደችው ለምን ይመስልሃል? ወረቀት አላጣች፣ ገንዘብ አላጣች። ያንን የአተላ ቃል ከተናገሩ ጀምሮ እስኪሞቱ አንድ ቀን አላነጋገረቻቸውም። ላንተና ለእናትህ ብላ አባቷን ጣለች። በየወሩ በክርስቶስ ሠምራ ቀን እያለቀሰች የምትጸልየው ስለዚያ ነው። አንተ ደግሞ የአባትሽ ልጅ አልካት።»

ደወልኩ፣ አታነሣም። እንደገና ደወልኩ። በመጨረሻ «ወረቀቱን አስነበብኩት፤ አጠፋሁ» ብዬ ጽፌ ላክሁ።

በማግስቱ ጧት ስፖንጋ ባቡር ጣቢያ ከእሸቱ ጋር ሻንጣ ይዘን ቆመን ሳለ፣ በደረጃው ወረደች። የሥራ ልብሷን በኮቷ ሥር ለብሳለች። እሸቱ ቲኬት ልይ ብሎ ራቅ አለ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «እየሳቁብኝ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴን ስታስመስያት ሳይ፣ የልጆቹ ነገር መጣብኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ እኮ።» እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «እኔ እትዬ አፀደን ያስመሰልኳቸው ስለናፈቁኝ ነው። ያን ቦታ ስፈልግ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። አባቴ የናቀውን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያከብረው ላሳይህ ነበር። ከዚያ እሺ ልልህ ነበር።»

 ቀለበቱን አውጥቼ በመዳፌ ዘረጋሁላት።

«እማዬ ‹ለተናኜ› ብላ የሰጠችኝ ነው። አሁንስ?»

ቀለበቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ አዲሱ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህና ስማኝ። እኔ ያደግሁት ሰው ሲስቅ በእኔ ነው፣ ሰው ዝም ሲል ንቆኝ ነው በሚል አባት ቤት ነው። ያንን ቤት ሁለተኛ አልገባበትም። ቤቱ ያንተ ቢሆንም አልገባበትም።»

«እኔን ከአቶ ሲራክ ጋር አንድ አደረግሽኝ?»

«አየህ» አለች። 

ባቡሩ መጣ። እሸቱ ከሩቅ ጠራኝ። መዳፌን ልጨብጥ ስል ቀለበቱን አነሣችው። ጣቷ ላይ አደረገችው፣ ሳትታገል ገባላት።

«ይህ እሳቸው ለእኔ የላኩት ነው» አለች። «አንተን አይመለከትም።»

ጉንጬን ሳመችኝ። በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ፈለግሁት፤ እሷ የምታየው እጇን ነበር።

አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ መቃው ከተሰቀለበት አጠገብ ሰቅየዋለሁ። ሰው ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ፣ ሳያምነኝ ሲቀር ድሮ እንደምቆጣው አልቆጣም፤ ወይም ጥቂት ነው የምቆጣው። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቴ ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን ስኒ ስትደፋ አይቻለሁ። እኔ ከአፌ የወጣውን የመጀመሪያ ስኒ ቀድቼ ለማን እንዳጠጣሁት አውቃለሁ።

አንዳንድ ማታ አዜብ ስትደውል ስለ ተናኜ አልጠይቅም። አዜብ ግን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ቀለበቱን አታወልቀውም ትላለች፤ የምትጦራቸውን አረጋውያን ስታጥብ ብቻ አውልቃ አንገቷ ላይ ካለው ክር ጋር ታስረዋለች።

እናቴ የላከችው ደርሷል። ያልደረስኩት እኔ ነኝ።