ጨው የበላው ግድግዳ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ።»

ሴትዮዋ ሽንኩርት ክምር ላይ አጎንብሳ ነበር። ለማን እንደተናገረች አይታወቅም። ይታገሱ አጠገቧ ቆሞ ሎሚ ያገላብጣል።

አልመለሰላትም።

ዝምታው ነው ምልክቱ። ይህን ተረት የጀመሩለት አበሻ ሁሉ ሳይጨርሰው አያልፍም፤ አፉ ይቀድመዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ሰው የማይጨርሰው ነው። ምልክቱን ያወጣው አለቃው ፍስሐ ሲሆን በዚህ ብልሃቱ በጣም ይኮራ ነበር።

«ጌቾ?» አለች ቀና ሳትል።

«ነኝ። ቀና እንዳትዪ።»

መንጃ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ይታገሱ የሚል ነው። ሾፌሮቹ የሚያውቁት በዚህ ስም ነው፤ በካርቲየ 3 ሰፈር ለሚገነባው የጎርፍ ቦይ ግድግዳ በገልባጭ መኪና አሸዋ ያመላልሳል። ጌቾ የሚለውን ስም ከፍስሐና ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ከሁለቱ ስሞች አንዱንም ያወጣችለት እናቱ አይደለችም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ጫት ገብቷል። ገበያው በሙሉ ፊቱን ወደ ጫት ሻጮቹ አዙሯል። በጅቡቲ ከተማ ሰው ሰውን የማያይበት ሰዓት ቢኖር ይሄ ነው። እሱም የመረጠው ለዚሁ ነበር።

«ዘንቢሉን ውሰድ» አለች። «ከሽንኩርቱ ሥር ነው።»

ዓዚዛ ትባላለች። የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በግንባታው ቤተ ሙከራ የቤቶኑን፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ትመረምራለች። ለሁለት ወር በወረቀት ብቻ ሲጻጻፉ ቆይተዋል። ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው፤ እሱም ቢሆን በጎን።

«የቤቶኑን ቁራጭ ራሴ ነኝ ከግድግዳው ያወጣሁት። ወላሂ፣ በጥፍርህ ብትጭረው ይረግፋል። የባሕር አሸዋ ነው ያቦኩበት። ጨውማ ብረቱን እየበላው ነው።»

«የምርመራው ወረቀትስ?»

«ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የተቋራጩ ሰዎች ከጀርባዬ ቆመው ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። እናቴ ግድግዳው ሥር ነው የምትተኛው ጌቾ። እዚያው ሥር! ያለፈው ጎርፍ ወንድሜን አኒስን ወስዶብናል። ከፈረምኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

«ግድግዳው ይፈርሳል። እንደገና ይሠራል።»

«እኔስ? ቀኑ ሲመጣ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ቢሉኝ?»

«አለሁ» አላት።

አንዲት ቃል ናት። ዘንቢሉን አነሳ።

ያኔ ነው ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰውን ሰውዬ ያየው። ጫት ገብቶ ጫቱን የማያይ ሰው! ጀርባውን ለሻጮቹ ሰጥቶ ሎሚውን ያያል።

እየተከተላቸው ነው።

ይታገሱ አልሮጠም። ወደ ጫቱ ግፊያ ገባና አንድ እስር ገዝቶ ከዘንቢሉ ላይ ጣል አደረገ። በሌላው በኩል ሲወጣ እንደማንኛውም ሹፌር ነበር። ገልባጩ ጠዋት የጫነውን አሸዋ እንደያዘ ጥግ ላይ ቆሟል። ሞተሩን አስነሳ።

ከመሄዱ በፊት ግን የሾፌር ልማዱን አደረገ። ከአሳል ሐይቅ ጨው ሲጭን በነበረበት ዘመን የተማረው ነው። ሾፌር ከጭነቱ እፍኝ ዘግኖ በጨርቅ ይቋጥርና እስኪያራግፍ ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ተቀባዩ «ያመጣኸው ጨው አይደለም» ቢል ቋጠሮው ይፈታል፤ ይቀመሳል። ቅምሻ ይሉታል። ይታገሱ ከቤቶኑ አውራ ጣት የምታህል ሰበረና በመሐረቡ ቋጠረ። ማንንም ጠርጥሮ አልነበረም። እጁ ለምዶበት ነው።

ፍስሐ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ አለው። ቢሮው ሽፋን ነው። እሱም ይታገሱም የሚሠሩት ለአንድ የልማት ፈንድ ስውር ቁጥጥር ክፍል ነው። ፈንዱ ኢኮኖሚው ይነቃቃ ብሎ ለመንግሥት ድጎማ ሰጠ፤ መንግሥት ደግሞ ለከተማው አከፋፈለ። ከተማውም አልሰነፈም። መንገድ አነጠፈ፣ መብራት ተከለ። ትልቁን ድርሻ ግን የካርቲየ 3ን ጎርፍ ለሚያስወጣው ቦይ መደበው። ድጎማው የተበላው እዚያ ላይ ነው፤ የበላው ደግሞ ተቋራጩ ነው።

«ጎበዝ!» አለ ፍስሐ ቤቶኑን እያገላበጠ። ጓዳ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ የታሸገ ሣጥን ይዟል። «ለኢንጂነር ጽጌሬዳ። ሆዳን ሰፈር ናት፣ የፈንዱ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ። እንዳትከፍተው።»

«ተከታይ ነበረኝ ጋሼ።»

«ጠፍቷል እኮ። ሂድ በል።»

ይታገሱ ተከታዩ እንደጠፋ አልነገረውም ነበር።

ከደጅ ወጣ። ከአጥሩ ጥላ ሥር ነጭ መኪና ቆሟል። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ሰው በሩን ከፍቶ ውኃ ይጠጣል። እንደ ቤተኛ።

ሰውዬውን የላከው ፍስሐ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው! ጋሼ እያለ የሚጠራው፣ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ሰው።

መብራት ላይ ሲቆም ሣጥኑን በቢላ ከፈተ። ያማረ፣ ጠንካራ ቤቶን። ጣቱን በምራቁ አርሶ አሻሸና ቀመሰ።

አልጣፈጠም።

መሐረቡን ፈትቶ ያችን አውራ ጣት የምታህለውን ቀመሰ። ጨው አፉን ሞላው።

ስልኩ ጮኸ። ፍስሐ ነው።

«የት ደረስክ?»

«ሆዳን መግቢያ።»

«ሣጥኑን አልከፈትክም አይደል?»

«ምን ሊያደርግልኝ ጋሼ?»

በመስታወቱ ነጩ መኪና እየቀረበ ነው። ይታገሱ ጠባቡን መንገድ መረጠና ከመሐሉ ቆመ። የሚያነሳውን ዘንግ ሳበ። የገልባጩ ጀርባ እያቃሰተ ተነሳ።

አሸዋው ወረደ።

የባሕር አሸዋ፣ ሙሉ ጭነት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ነጩ መኪና እስከ መብራቱ ተቀበረ። ከኋላው የሰማው የጥሩምባ ጩኸት ብቻ ነው።

ጽጌሬዳ መነጽሯ ግንባሯ ላይ የተሰካ፣ ነገር የማታበዛ የፈንዱ መሐንዲስ ናት። ሁለቱን ቤቶኖች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«ቅመሺው።»

«ምን አልክ?»

«ይሄን ፍስሐ ሰጠኝ። ይቺን ዓዚዛ። ቅመሺና ፍረጂ።»

አየችው። ከዚያ ቀመሰች። ፊቷ ጠቆረ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠራችው። ደስ ያላት አትመስልም።

«ግድግዳው ይፈርሳል። ተቋራጩ በራሱ ወጪ እንደገና ይሠራል፣ በወንዝ አሸዋ። ከዝናቡ በፊት ይደርሳል። ፍስሐ በሕመም ተሰናብቷል።»

«በሕመም?»

«በሕመም። ክስ ከተመሠረተ ክፍላችን ይጋለጣል።»

«ዓዚዛስ?»

መነጽሯን አወረደች። «አንድ ጥፋተኛ ያስፈልጋቸዋል። ፊርማው የእሷ ነው። ትናንት ፖሊሶች ወስደዋታል።»

«እመሰክራለሁ።»

«ማን ነኝ ብለህ? ጌቾ አለ ብላለች። ፈልገው አጡት። ጌቾ የሚባል ሰው የለም።»

«አለሁ ብያታለሁ እኮ!»

«ስማኝ። አንተ ለምስክርነት ከቀረብክ ከተቋራጩ ጋር ያደረግነው ስምምነት ይፈርሳል። ድጎማው ይታገዳል፤ ግድግዳው ፈርሶ ሳይሠራ፣ በግማሽ ይቀራል። እናቷ ከሥሩ ናት። እሷ የለመነችህ ምን ነበር?»

ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሚያልፍ ሰው ሙቀቱ የጣለው ሹፌር መስሎት ውኃ አቀበለው።

የጽጌሬዳ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በድንገት እንዳትጠፋ። እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች አሸዋ አመላልስ። ሥራው ሲያልቅ ትሄዳለህ።

አመላለሰ። የወንዝ አሸዋ። በየጭነቱ ይቀምስ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት አምስት ገልባጮች ተራ ይዘው ቆመዋል። ግድግዳው እስከ ትከሻ ደርሷል። ሰማዩ በባሕሩ በኩል ጠቁሯል። ከቦዩ ዳር ካለችው ቤት ሽርጣቸውን ያጣፉ እናት ወጡ። ወደ መጀመሪያው መኪና ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ።»

ሾፌሩ ቀጸላ ሳቀ። «አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል! ምነው እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ተረት?»

እናት አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ያንኑ ተረት ጀመሩ። እሱም ጨረሰላቸው።

ይታገሱ አምስተኛው መኪና ላይ ነበር።

ገባው። ሐዲጃ ናቸው፤ የዓዚዛ እናት። ልጅቷ እስር ቤት ሆና ነግራቸዋለች፦ ይህን በያቸው እማ፤ የማይመልስልሽ እሱ ነው።

ሦስተኛው ጨረሰ። አራተኛው በዜማ ጨረሰው።

ከይታገሱ መስኮት ሥር ቆሙ። ዓይናቸው የዓዚዛ ዓይን ነው። የቀኝ እጃቸው በሩን ይዟል።

«የኔ ልጅ» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ።»

ዝም ቢል በቂ ነው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ዝም ቢል።

ግድግዳውን አየ። ገና እስከ ትከሻ ነው። ከጀርባው ያለችውን ቤት አየ፤ መስኮቷ ዝቅ ያለች፣ ከመስኮቷ ሥር አልጋ። ደመናውን አየ።

እጃቸው ከበሩ አልተነሳም።

«አለዚያ» አለ። ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። «አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል፣ እማማ።»

ጥቂት አዩት።

«እውነትህን ነው» አሉ። እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሱ። «ሌላ መኪና ይመጣል?»

«ይመጣል። ከሰዓት ሦስት መኪኖች ይመጣሉ።»

«እንግዲያ ከሰዓት እወጣለሁ» አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ተራው ደረሰ። ይታገሱ ገልባጩን ወደ ኋላ ነዳ፣ ዘንጉን ሳበ፣ አሸዋውን አራገፈ። ወርዶ እፍኝ አነሳና ቀመሰ።

ጨው የለውም።