ጩኸት ሰምቶ የሚሮጥ

ይህ ተረት አይደለም። ሆኗል።

ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ጥላ እግር ሥር የሚገባበት የቀትር ሰዓት፣ በ1953 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ እስቴ ላይ። የአጥቢያውን ስም አልጠራም። ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

ደጊቱ የመጣችው ከስማዳ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ። ወንድሟን ደምሌን ፍለጋ።

ደምሌ ዓምና እመት ንግስት የተባሉ ባለርስት ቤት ሊቀጠር ሄደ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት አለፈ። ሰው ብትልክ "እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም" አሏት።

እናት አባት የላቸውም። ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ሥራ ፈላጊ መስላ ሄደች። ንዴቷን በነጠላዋ ሸፍና።

እመት ንግስት ሠራተኛ በመምረጥ የታወቁ ነበሩ። ጉልበት አያዩም፣ ዋስ አይጠይቁም። "ያለፈውን ንገረኝ፣ የሚመጣውን እነግርሃለሁ" ይላሉ። በልጅነቱ ታናሹን አዝሎ ያደገ ሸክም አይጥልም። ከእናቱ ማጀት ቂጣ የሰረቀ ከጎተራም ይሰርቃል። ተሳስተው አያውቁም ይባላል። ባላባቱ ሁሉ ሎሌ ሲቀጥር እሳቸውን ያማክር ነበር።

ደጊቱ ግቢው ደጃፍ ስትደርስ አንድ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ተሻገር ይባላል። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ የተወ ሰው ነው።

"ነይ ተቀመጪ እህቴ። ደግ ቤት ነው" አላት። "ውሻ የለውም!"

"ይህን የሚያህል ግቢ ውሻ የለውም?"

"ለቆሎ ተማሪ ከዚህ ወዲያ ገነት የት አለ?" ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን አሳያት። የድሮ ጠባሳ። "ይኸውልሽ ማኅተሜ። ጓደኛዬን ውሻ ይዞት ሲጮህ ሮጬ ገብቼ ነው። እመይቴ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ወዲያው ቀጠሩኝ።"

"ለምን ሥራ?"

"ከጉድጓድ እህል ማውጣት።"

ደጊቱ ግቢውን አየች። ዶሮዎቹ ይጭራሉ... ከወይራው ዛፍ ሥር ሲደርሱ ግን ይመለሳሉ። ሁሉም። እዚያ መሬቱ ላይ በጭቃና በእበት የተመረገ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ የእህሉ ጉድጓድ ክዳን።

አጥሩ ላይ የወንድ ጋቢዎች ተሰጥተዋል። ብዙ ጋቢ። አንድም ሎሌ ግን አይታይም።

"ግቢ!" አለ ድምፅ ከውስጥ።

እመት ንግስት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሽቶ የሚሸቱ አሮጊት።

"ስምሽ?"

"ስንዱ እባላለሁ እመይቴ።"

"እስቲ አጥንት ቁጠሪ።"

አጥንት መቁጠር ማለት የአባትን፣ የአያትን፣ የቅድመ አያትን ስም እስከ ሰባት ቤት መዘርዘር ነው። ደጊቱ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ከቆጠረች የደምሌ እህት መሆኗ ይታወቃል። መንገዱን ሁሉ አላውቅም ማለትን ስትለማመድ የመጣችው ለዚህ ነው።

"አላውቅም እመይቴ። ወላጆቼ ቶሎ ነው የሞቱት።"

አሮጊቷ ሳቁ።

"አጥንቷን የማታውቅ! ከየት የበግ ጉሮኖ ነው የወጣሽው? ውሻ እንኳ እናቷን ታውቃለች።"

ደጊቱ አንገቷን ደፋች። መልስ መስጠት አልነበረባትም...

"እናትሽስ ከማን እንደወለደችሽ ታውቅ ነበር?"

አልቻለችም።

"የአዳነ ልጅ ነኝ!" አለች ቀና ብላ። "አዳነ የሞላ! ሞላ የፈንቴ! ፈንቴ የእንግዳ..."

"እንግዳ የውበቴ" አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። "ውበቴ የተድላ። ተድላ የደስታ።"

ሰባት ቤት ሞላ።



"ይህን አጥንት ዓምና ቆጥረውልኛል" አሉ በሹክሹክታ። "ስንዱ አይደለሽም። ደጊቱ ነሽ። ወንዝ ሲወስድሽ ጮኸሽ፣ ወንድምሽ ዋና ሳይችል ዘሎ የገባልሽ። ይህን ሲነግረኝ ነው የመረጥኩት።"

"የት አለ?"

"ሁሉንም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው ልጄ። ጩኸት ሰምተህ የሮጥክበት ቀን አለ? ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። የሮጠ ደግሞ ይሮጣል።"

"ወንድሜ የት አለ ነው የምልዎ!"

"እኔ አልገፋሁትም። ከጉድጓዱ ጠሩት፣ ገባ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሰው ያልገባበት ዓመት እህሌ አመድ ሆኖ ይወጣል። ምን ላድርግ? ደም መላሽ ያለውን አልነካም። ያለችው እህት ብቻ ናት አለኝ። እህት ደግሞ ምን ታመጣለች?"

ደጊቱ ወደ በሩ ዞረች። ያን ጊዜ መቀርቀሪያውን አየችው።

የወይራ ዱላ ነው። ጫፉ ላይ የናስ ቀለበት አለው። ቀለበቱን ራሷ ናት ለደምሌ ከወገዳ ገበያ የገዛችለት።

መዝዛ ወጣች።

ተሻገር ድንጋዩን አንሥቶታል። ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከወይራው ግንድ፣ ሌላውን ከወገቡ አስሯል። አንድ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

"ተው! እንደተከፈተ አይገባም! የጉድጓዱ እስትንፋስ ይገድላል!" አለች ደጊቱ።

"ሰው አለ እኮ!" ፊቱ አመድ መስሏል። "ሰው ከሥር ይጮሃል! አትሰሚም?"

ሰማች።

በጣም ሩቅ ነው... "ድረሱልኝ..."

የደምሌ ድምፅ ነው።

ወደ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ ሄደች። ይህንኑ ድምፅ ወንዝ ውስጥ ሆና "አይዞሽ፣ መጣሁ" ሲላት ሰምታዋለች። ግን ደምሌ ለራሱ ጮኾ አያውቅም። ሲወጉትም፣ ሲርበውም። ይህ ድምፁ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ዱላውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድማ ተሻገርን ደረቱን ገፋችው። ሣሩ ላይ ወደቀ። ገመዱን ከወገቡ ፈትታ ወረወረችው።

እመት ንግስት ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

"ክደኑት!" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። "ሰው ሳይገባበት ተከፍቶ አያድርም!"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለች ደጊቱ። እንባዋ ይወርዳል፣ ቃሏ ግን አልተሰበረም። "እርስዎስ? ጩኸት ሰምተው የሮጡበት ቀን አለ?"

"የለም! ስለዚህ ነው ያረጀሁት።"

ከጉድጓዱ ድምፅ መጣ። አሁን አንድ አይደለም። ብዙ ወንዶች፣ እንደ ማኅበር ጸሎት፣ ቀስ ብለው...

"ንግስት የማሩ... ማሩ የዳኛቸው... ዳኛቸው የአብተው..."

"ማን ነገራቸው?" አሉ አሮጊቷ። "ለማንም አልነገርኩም... ለማንም..."

ሰባተኛው ቤት ላይ ድምፁ ቆመ።

ከዚያ ከጉድጓዱ አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች። ደጊቱ ልጅቷ ማን እንደሆነች እስክትሞት አላወቀችም። አሮጊቷ ግን አወቋት፤ ጩኸቱን ድሮ ሰምተውታል። አፋቸው ተከፈተ።

"አልሄድም" አሉ።

እግራቸው ግን ወደ ወይራው ተራመደ።

"አልሄድም! ያዙኝ! እናንተ ልጆች፣ በማርያም ያዙኝ!"

ተሻገር ሊነሣ ሞከረ። ደጊቱ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"እህቴ፣ ሰው ናቸው እኮ!"

"ወንድሜም ሰው ነበር።"

ዱላዋን አንሥታ ተሻገርን እየጎተተች ከግቢው አወጣችው። ከኋላቸው የአሮጊቷ ጩኸት ግቢውን ሞላው። ደጊቱ በዕድሜዋ ጩኸት ሰምታ ያልሄደችው ያን ቀን ብቻ ነው። አልጸጸተኝም ትል ነበር።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ጩኸቱ ቆመ። ዘወር ብለው አዩ።

ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ድንጋዩ ቦታው ተመልሷል። ዙሪያውን ተመርጓል፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፣ በፀሐይ ያበራል።

ገመዱ ከወይራው ግንድ ተነሥቶ ከድንጋዩ ሥር ይገባል።

ተወጥሯል።

ነፋስ አልነበረም... ወይራው ግን ሰው ተንጠላጥሎበት እንደሚወጣ፣ ረገብ፣ ወጠር እያለ ቅጠሉን ያራግፍ ነበር።